የዘጠኝ ሰዓቱ ምሳ

“አይዞህ፣ ምንም አላወቀችም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኔ አቆያታለሁ።”

ይህን ያለችው ሩት ናት፤ የወይዘሮ የሻረግ ምራት። ጓዳ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ በስልክ ታወራለች። የሻረግ ለቅዳሴ ልትወጣ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳው ላይ ጫማዋን እያጠለቀች ነበርና አንድ እግሯ ጫማው ውስጥ ግማሽ ገብቶ ቀረ። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም፤ ልጇ ካሳሁን ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ሚኒባሱን አስነስቶ ወጥቷል። “አላወቀችም” የተባለችውም ማን እንደሆነች ግልጽ ነው፤ በዚህ ቤት አታውቅም ተብላ የምትታማ ሌላ ሴት የለችም። የሻረግ ሁለተኛውን ጫማ አደረገች፤ ጉሮሮዋን ጠራረገችና “ሩትዬ፣ ሄድኩ” አለች፣ ድምፅዋን ማር አስመስላ። ሩት ብቅ ብላ “እሺ እማማ፣ በጸሎትዎ ያስቡን” አለቻት። ስልኩ እጇ ላይ አልነበረም። የት አባቷ እንደደበቀችው እንጃ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የሻረግ ደግሞ ከገና ወዲህ ስትጠረጥር ነው የከረመችው። ነገሩ የተጀመረው በምሳ ሰዓት ነው። በዚህ ቤት የእሁድ ምሳ በስድስት ሰዓት ተኩል ይበላል። ሟቹ ባለቤቷ አቶ ወልዴ መካኒክ ነበሩ፤ እሁድም ቢሆን እስከ ስድስት ሰዓት ጋራዥ ይውሉና እጃቸውን እስከ ክርናቸው በኦሞ ፈትገው በስድስት ተኩል ማዕድ ይቀርባሉ። ምሳው የዘገየ እንደሆነ አይቆጡም፤ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው መሶቡ አጠገብ ያስቀምጡና ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከቁጣ ይብስ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላም የሻረግ ሰዓቱን አልለወጠችም። ሰው ቢሞት ሰዓቱ አብሮ ይሞታል እንዴ? ታዲያ ከገና በኋላ አንድ ማታ ካሳሁን እግሯን ሊያጥባት ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ “እማዬ፣ የእሁዱን ምሳ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋ ብናደርገው ምን ይመስልሻል?” አላት። ምክንያቱን ስትጠይቀው ተራ አይደርሰኝም አለ። በሳምንቱ ደግሞ ሩት ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውላ እሁድ ካልተኛች መቼ ትተኛለች አለ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት መብራት ይጠፋል ሆነ። ሦስት ሰበብ የሚደረድር ሰው አንድም እውነት የለውም፤ የሻረግ ይህን ከአቶ ወልዴ ደንበኞች ነው የተማረችው።

ሰዉ ምን እንደሚል ለማወቅ ዞራ ጠይቃለች። ጎረቤቷ ታደለች፣ “እኛ ቤትማ በአምስት ሰዓት ነው እትዬ፤ ባሌ ስድስት ሰዓት ድረስ ከቆየ ወንበሩን ይበላል” አለቻት። የመንገድ ዳሩ ባለሱቅ ኡበይደላ፣ “ዙሁር ተሰግዶ ነዋ! ከዚያ በፊት ምን ይዋጣል፣ ከዚያ በኋላስ ምን ይጠበቃል?” አላት። የንስሐ አባቷም ተጠየቁ፤ እሳቸው ነገሩን ወደ ጾም ወስደውት፣ ቅዳሜና እሁድ እህል ሳይቀምሱ መዋል ክልክል ነው፣ ምራትሽ ይህን አታውቅም ወይ ብለው ተቆጡ። ቁርስ በልቻለሁ ብትላቸው “ታዲያ ምን ሆንሽ?” አሏት። ብቻ ወልድያን ከላይ እስከ ታች ብታስሰው የእሁድ ምሳ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚል አንድ ሰው አላገኘችም።

ሰዓቱን ተዪው ብትባል እንኳ ወጡ አለ። ሩት ጥሩ ልጅ ናት፤ ወጥ ግን አያውቅላትም። ሽንኩርቱን ሳታበስል በርበሬ ትጨምርበታለች፤ ችኩል ናት፣ የቢሮ ልጅ። ምሳ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ከተዛወረ ወዲህ ግን በየእሁዱ የዶሮ ወጥ ይቀርባል፤ ያውም አንዷ ዶሮ ከሺህ ብር በላይ በሆነችበት ዘመን! ወጡ ደግሞ ሽንኩርቱ ሟሙቶ የጠፋ፣ መከለሻው ከአፍ የማይለቅ ወጥ ነው። መጀመሪያ የቀመሰች ዕለት የሻረግ ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ ቀጥ ብላ ቀረች። የሆነ ነገር አስታወሳት፤ ምን እንደሆነ ግን ያዝ ሳታደርገው አመለጣት። በበነጋው የቆሻሻ ገንዳውን በእንጨት ፈተፈተችው። አንዲት ላባ የለም፤ አንዲት የሽንኩርት ልጣጭ የለም። ዶሮ ያለ ላባ፣ ወጥ ያለ ሽንኩርት! ከሆቴል ነው የሚገዙት ስትል ደመደመች፤ ካሳሁን የእናቱን ቤት የሆቴል ደንበኛ አደረገው። ስለዚህም ባለፈው እሁድ ወጡ ልክ ሆኖ ሳለ ሆን ብላ “ጨው በዝቶበታል” አለችና ሳህኑን ገፋ አደረገችው። የካሳሁን ፊት እንደተመታ ሰው ሆነ። ለሆቴል ወጥ እንዲህ ይታዘናል? እዚህ ላይ ደግሞ የጠፋውን ድስት ጨምሩበት። አቶ ወልዴ የተሰበረ ጆሮውን በሽቦ ያሰሩላት ብረት ድስት ከመደርደሪያው ላይ የለም። ታደለችን ጠርጥራ ሁለት ጊዜ በእሳት መጫር ሰበብ ቤቷ ገብታ አይታለች። እዚያም የለም።

ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ሁሉ ንቃ ትተወው ይሆናል። የሻረግ ግን የምትፈራው ነገር አለ። የወለደችው ሁለት ነው፤ አንዷ ሄዳለች። ልጇ ፀሐይ አብዱልሐሊም የሚባል የግራና ከተማ ሰው አግብታ እስልምናን ከተቀበለች ዓመታት አለፉ። መስለሟ አይደለም የሻረግን አንጀት የቆረጠው፤ ወሎ ውስጥ ከማን ቤት ነው እስላምና ክርስቲያን ያልተዋለደው? የእሷው አጎት ሐጂ አይደሉም እንዴ! የቆረጣት ሽማግሌ ሳይላክ፣ አንድ ቃል ሳይነገራት፣ ከገበያ መሀል ከሰው አፍ መስማቷ ነው። ያን ቀን በንዴት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ “ከእጇ ውኃ እንኳ ብቀምስ እንዲህ ያድርገኝ!” ብላ ማለች። መሐላ ከአፍ ከወጣ በኋላ አይለቀምም። ፀሐይ የሚባል ስም ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት አልተጠራም፤ አልጋዋ ግን እስካሁን እንደተነጠፈ ነው። እንግዲህ የቀረው ካሳሁን ነው፤ እሱም መሸሸግና መዋሸት ጀምሯል። ፀሐይም ስትጀምር እንዲሁ ነበረች፤ መጀመሪያ አመሸች፣ ቀጥሎ ዋሸች፣ በመጨረሻ ጠፋች። እሱም ከሄደ የሻረግ በስድስት ሰዓት ተኩል ምሳ ልትበላ ትችላለች፤ ብቻዋን።

ስለዚህ ከቅዳሴ እንደወጣች ወደ ቤት አልተመለሰችም። ለታደለች “ሩትን ‘ለቅሶ ልትደርስ ሄዳለች’ በያት” አለችና ባጃጅ ይዛ መናኸሪያ ወረደች። የተራ አስከባሪው ዓለምነህ የባሏ ወዳጅ ነበር፤ ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ።

“ካሳሁን ዛሬ ተራ ደርሶታል?” አለችው።

“ኧረ እሱ እሁድ መሥራት ትቷል እኮ። በማለዳ አንድ ጭነት ይዞ መርሳ ይወርዳል፤ ከዚያ እዚያው ነው የሚውል። እርስዎ አያውቁም?”

“አውቃለሁ፣ አውቃለሁ” አለች የሻረግ፤ አለማወቅ በዚህ ዕድሜ እንደ ነውር ተሰማት። ወዲያው የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ረዳቱ መቶ ብሯን ተቀብሎ መልስ ሳይሰጣት ረሳ፤ እሷም ረሳች። ሲሪንቃን ሲያልፉ፣ ማሽላው ታጭዶ የቀረው ገለባ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ፣ ዓይኗ እያየ ልቧ አላየም። ሴት ናት፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? መርሳ ሌላ ቤት ሠርቷል። ሩት ደግሞ ታውቃለች፣ እየሸፈነችለት ነው። ሚስት ለባሏ እንዲህ ያለ ነገር የምትሸፍነው ምን ቢያበላት ነው? ወይስ የሻረግን ራሷን ነው የሚያበሏት፣ በየእሁዱ፣ ዝም እንድትል?

መርሳ ደርሳ ስትወርድ ሙቀቱ ተቀበላት። ነጩን ሚኒባስ ለማግኘት አልተቸገረችም፤ አስፋልቱ ዳር የዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል፤ የኋላ መስታወቱ ላይ አባቱ የለጠፉት የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አለ። አጠገቡ ፓፓያና ብርቱካን ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ነበረች።

“የዚህ መኪና ሹፌር ወዴት ሄደ ልጄ?”

“እሱማ እሁድ እሁድ ሰዓዳ ቤት ነው የሚውል፤ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር” አለች ሴትዮዋ ዝንቦቹን እያባረረች። “ምነው፣ ዘመድዎት ነው?”

ሰዓዳ! አንዷ ሄዳ አልበቃ ብሎ፣ እሱም በዚያው መንገድ፣ ያውም ሚስቱን ቤት አስቀምጦ! ሳይቃጠል በቅጠል ብላ እንጂ ያን አረንጓዴ በር ለማየት እንኳ ልብ አልነበራትም። የምትናገረውን እያዘጋጀች ሄደች፤ አንዱን ስድብ አንስታ ሌላውን ስትጥል ደረሰች። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ መሀሉ ላይ ስንጥቅ አለው። ልታንኳኳ እጇን አንስታ ሳለ ከውስጥ የልጇን ሳቅ ሰማች። ካሳሁን እቤት እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ቆይቷል። እጇን መለሰችና ዓይኗን ስንጥቁ ላይ አደረገች።

ካሳሁን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጣል፤ እንባውን በክንዱ እየጠረገ። ከእግሩ ሥር የቀይ ዶሮ ላባ ተከምሯል፤ አጥሩ ሥር ሌሎች ዶሮዎች ይጭራሉ። ከሰል ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፤ አንድ ጆሮው በሽቦ የታሰረ። ድስቱን የምታማስለው ሴት ሻርፗን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ጎንበስ ብላለች። የሻረግ ያን ጀርባ ለማወቅ ፊት አላስፈለጋትም። በልጅነቷ አዝላታለች፤ አጥባታለች። ሰዓዳ የተባለችው የገዛ ልጇ ፀሐይ ናት።

“ባርከህ ነው አይደል ያረድካት?” አለች ፀሐይ ሳትዞር።

“በስመ አብ ብዬ ነው። በየሳምንቱ መጠየቅሽ!”

“ልጠይቅ እንጂ። እሷ ሳታውቅ ያልተፈቀደላትን አላበላትም። አብዱ እንኳ ቢላዋህን እንዳይነካው ብዬዋለሁ። ድስቱም የራሷ ነው።” ቀጥላም፣ “ባለፈው ሳምንት ምን አለች?” ብላ ጠየቀች።

ካሳሁን የያዘውን ሽንኩርት አገላበጠው። “ጣት ያስቆረጥማል አለች” አላት።

“ጨዉስ? አደራ ካሳ፣ ጨዉን ዛሬ ደህና አድርገህ ቅመስልኝ። ሥጋው ከገባ በኋላ እኔ አልቀምሰው፤ በእጄ ግምት ነው የምሠራው።”

“ልክ ነበር አልኩሽ እኮ።”

“እማዬ ጨው ሲበዛ አትናገርም” አለች ፀሐይ። “ዝም ብላ ትበላዋለች። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።”

የሻረግ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች። ያ ባፏ ገብቶ ያመለጣት ነገር አሁን ተመልሶ መጣ። የገዛ እጇ ጣዕም ነው። ፀሐይን በርጩማ ላይ አቁማ፣ ሽንኩርቱ “በቃኝ” እስኪል እሳት አይቸኮልም እያለች ያስተማረቻት ወጥ ነው፤ ልጅቷ አንድም ጊዜ ሳትቀምስ፣ በትዝታ እየሠራች ስትልክላት የከረመችው። እሷ ደግሞ ሳህኑን ገፋችው። ጨው በዝቶበታል አለች። ስድቡ ሁሉ የት እንደገባ አላወቀችም፤ አፈረች፣ ደስ አላት፣ ተናደደች፤ ሁሉም ባንድ ላይ መጣባት። በሩን ገፋ ብታደርገው ይከፈታል። ግን ምን ብላ ትግባ? ያቺ መሐላ ከፊቷ ቆማለች፤ ካሳሁንም በየእሁዱ ተደብቆ ያመላለሰላትን ነገር ባንድ ጊዜ ልታፈርሰው ነው።

“አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ፤ ይግቡ እንጂ፣ ፀሐይ መታዎት” የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

ዞር ስትል ብርቱካን የሞላ ማዳበሪያ ትከሻው ላይ ያደረገ ረጅም ሰው ቆሟል። አይታው አታውቅም። እሱም አይቷት አያውቅም፤ ግን ፊቷን አየት አድርጎ ባለበት ቀረ። ፀሐይ ቁርጥ እናቷን ናት፤ ሚስቱን ሠላሳ ዓመት ጨምራ ያያት ያህል ሳይሆንበት አልቀረም። ማዳበሪያውን ቀስ ብሎ አወረደ።

“በር ተሳስቼ ነው” አለች የሻረግ።

“በር መሳሳት ያለ ነው” አለ አብዱልሐሊም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ውስጥ ያሉት እንዳይሰሙ። “ይሄኛው ግን መቼም ቢመጡ አይዘጋም።” ጎንበስ አለና ከማዳበሪያው ትልልቁን እየመረጠ በነጠላዋ ጫፍ ብርቱካን ቋጠረላት። ልትመልስለት እጇን ስትዘረጋ፣ “ይያዙት እናቴ። ፍሬ ነው፤ ማን አረደው አይባልም” አላት።

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌ “ለቅሶ ነው?” ብሎ ጠየቃት። “ለቅሶ ነው” አለችው፤ ለታደለች የነገረችው ውሸት እንዲህ ሆኖ እውነት ወጣው።

ቤት ስትገባ ሩት በረንዳው ላይ ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች። “እማማ የት ጠፉ? ማን ነው የሞተው?” ስትላት የሻረግ “አታውቂውም” ብላ አለፈች። ስድስት ተኩል መጣና ሄደ፤ ስለ ምሳ አላነሣችም። ይህ ሩትን ይበልጥ አስጨነቃት፤ ሁለቴ ውኃ ይጠጡ አለቻት፣ ሦስቴ ሰዓት አየች። እስከ ዛሬ የሻረግ ናት ከበሩ ጀርባ የምትጠራጠረው፤ ዛሬ ተራው የሩት ሆነ። የሻረግ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ የተቋጠረ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአቶ ወልዴን ፎቶ ስታይ ቆየች። እሳቸው ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? ምንም አይሉም ነበር፤ ሰዓታቸውን ፈትተው ያስቀምጡ ነበር።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት የሚኒባሱ በር ድው ሲል ተሰማ። ካሳሁን በጓሮ ዞሮ ጓዳ ገባ፤ ሹክሹክታ ሆነ፤ ከዚያም ሩት ወጡን በሳህን አድርጋ፣ እንጀራውን አስከትላ ብቅ አለች። ካሳሁን እጁን እየታጠበ “ዛሬ ደግሞ ሩት ምን ሠርታልናለች!” አለ፤ እንደ ሁልጊዜው።

“በሳህን አይሁን” አለች የሻረግ። “ድስቱን አምጪው።”

“የቱን ድስት እማማ?”

“ጆሮው በሽቦ የታሰረውን።”

ካሳሁን ፎጣውን እንደያዘ ቀረ። የሻረግ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታችና ብርቱካኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ ቅጠላቸው ያልደረቀ የመርሳ ብርቱካን። አንዱ ተንከባሎ እስከ ካሳሁን ድረስ ሄደ። አነሣው፤ አየው፤ ከዚያ እናቱን አየ። ሩት ጓዳ ገብታ ድስቱን በሁለት እጇ አምጥታ መሀላቸው አስቀመጠችው።

የሻረግ አማተበች። እንጀራ ቆረሰችና ራሷ ከድስቱ ጠቅሳ ጎረሰች። ቀስ ብላ አኘከች፤ ዋጠች፤ ደገመች። ዓይኗ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ልትጠርገውም አልሞከረችም።

“መሐላዬን ሳላውቅ አስበልታችሁኛል” አለች በመጨረሻ። “ንስሐውን ሦስታችንም እንካፈላለን፤ ትልቁን ድርሻ ካሳሁን።”

“እማዬ…”

“ዝም በል፣ አልጨረስኩም። ጨዉ ልክ ነው። ባለፈውም ልክ ነበር። ደውልና አሁኑኑ ንገራት፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት በላት።” ሌላ ጉርሻ አዘጋጀችና ለሩት ዘረጋችላት። “ምሳን በተመለከተ ግን ቃሌን አልለውጥም። በዘጠኝ ሰዓት ምሳ የሚበላ የአዳም ዘር የለም፤ ኡበይደላን ጠይቁት፣ ታደለችን ጠይቁ። ለሚመጣው እሁድ በስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ መርሳ። ድስቱን እኔ እይዘዋለሁ።”